ጓዙን ጠቅልሎ አገር ለሚቀይር ሰው ጉምሩክ ምን ይጠይቃል?

አገር መቀየር ሲነሳ የእኛ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቪዛ ነው፡፡ ቪዛው ከተመታ በኋላ ስለ ትኬት፣ ከትኬቱ በኋላ ደግሞ ስለ ኪሎ ይጠየቃል፡፡ «ስንት ሻንጣ ይፈቀዳል? ለትርፍ ኪሎ ስንት ያስከፍላሉ? ኮንቴይነር ቢጫንስ ስንት ቀን ይፈጃል?» ይባላል፡፡ ጉምሩክ የሚታወሰው በስተመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜም ዕቃው ወደብ ደርሶ ስልክ ሲደወል ነው፡፡ ሕግ የተማረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ያን ጊዜ ወደ እሱ ይደውላል፡፡ እኔም ዘንድ እንዲህ ያለ ስልክ በየዓመቱ ጥቂት የማይባል ጊዜ ይደወላል፡፡ ደዋዮቹ የሚጠይቁኝ «ቀረጡ እንዴት ይቀነሳል?» ብለው ነው፡፡ እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ግን ስለ ቀን ነው፡፡ ዕቃውን መቼ ገዛችሁት? ከነበራችሁበት አገር መቼ ለቀቃችሁ? አዲሱ አገር መቼ ገባችሁ? መኪናው መርከብ ላይ የወጣው መቼ ነው? ጉዳዩ ከዕቃው ብዛትና ዋጋ ይልቅ የሚወሰነው በእነዚህ ቀኖች ስለሆነ ዛሬ ይህንኑ በመጠኑ ላስረዳ ፈለግሁ፡፡

ከመነሻው እንጀምር፡፡ የጉምሩክ ቀረጥ በዋናነት የንግድ ዕቃን አስቦ የተሠራ ነው፡፡ ነጋዴ ከውጭ ገዝቶ ያስገባል፣ ይሸጣል፣ ያተርፋል፤ መንግሥትም በሩ ላይ ቆሞ ድርሻውን ይወስዳል፡፡ አልጋውን፣ ድስቱን፣ የልጆቹን ብስክሌት ይዞ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚዛወር ሰው ግን ምንም አልነገደም፡፡ የብዙ አገሮች ሕግ መኖሪያውን የሚያዛውር ሰው የግል መገልገያውን ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ የሚፈቅደው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ችግሩ ነጋዴውም «ተዛዋሪ ነኝ» ሊል መቻሉ ነው፡፡ ሃያ ቴሌቪዥን ጭኖ «የቤቴ ዕቃ ነው» የሚል አይጠፋም፡፡ ስለዚህ ሕጉ እውነተኛውን ተዛዋሪ ከነጋዴው ለመለየት ሦስት ነገር ይጠይቃል፡፡ በእርግጥ ውጭ ይኖሩ ነበር ወይ? ዕቃውን ሲጠቀሙበት ቆይተዋል ወይ? ካስገቡትስ በኋላ ያቆዩታል ወይስ ይሸጡታል? የሦስቱም መልስ የሚለካው በወርና በዓመት ነው፡፡

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፡፡ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ግን «መኖር» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያጨቃጭቅ ያውቃል፡፡ የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ጉዳዩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው፡፡ በአንቀጽ 174 አንድ ሰው ዘወትር የሚኖርበት ቦታ መኖሪያው እንደሆነ ይናገራል፤ በአንቀጽ 183 ደግሞ ሰውየው ለዘለቄታው ለመኖር አስቦ የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማዕከል ያደረገውን ቦታ ለብቻው ያነሳል፡፡ በሥራ ኮንትራት ዱባይ ሁለት ዓመት የቆየ፣ ሚስቱና ልጆቹ ግን አዲስ አበባ ያሉ ሰው የት ነው የሚኖረው? ዳኛ ፊት ቢቀርብ ሁለቱም ወገን የሚከራከርበት አያጣም፡፡ የጉምሩክ ሠራተኛ የፓስፖርቱ ማህተም ሳይበቃው የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ የሚጠይቀው ሰውን ለማጉላላት ብቻ አይደለም፡፡ የኑሮ ማዕከል የቱ ጋ እንደነበረ የሚታወቀው በእነዚህ ወረቀቶች ነው፡፡

እዚህ ላይ ዜግነትንና መኖሪያን ማምታታት በጣም የተለመደ ነው፡፡ ከውጭ የሚመለሱ ወገኖቻችን «ቢጫ ካርድ አለኝ፣ መኪና ማስገባት እችላለሁ» ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፡፡ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ ልዩ መብቶችን የሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ጥሩ አዋጅ ነው፡፡ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መሥራትንና መኖርን፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ይፈቅዳል፡፡ መኪና ከቀረጥ ነፃ ማስገባትን ግን አይሰጥም፡፡ አዋጁን ገልጦ ማንበብ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም፡፡

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ በምሳሌነት ልውሰድ፡፡ የምወስደው አውሮፓ ስለሚበልጥብኝ ሳይሆን ደንቡ በግልጽ የተጻፈና ለአባል አገሮቹ ሁሉ አንድ ስለሆነ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የምክር ቤቱ ደንብ ቁጥር 1186/2009 ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ ለአሥራ ሁለት ተከታታይ ወራት የኖረ ሰው ወደ ኅብረቱ አገር መኖሪያውን ሲያዛውር የግል ንብረቱን ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ይፈቅድለታል፡፡ ንብረቱ ግን የቀድሞ መኖሪያውን ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ ለስድስት ወራት በእጁ የነበረና የተገለገለበት መሆን አለበት፡፡ ዕቃው በአዲሱ አገር መኖሪያ ከተመሠረተበት ቀን አንስቶ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ በአንድ ጊዜ ካልተቻለም ከፋፍሎ ማስገባት ይፈቀዳል፡፡ ከገባ በኋላ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ወራት ያህል ለጉምሩኩ አስቀድመው ሳያሳውቁ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በመያዣነት ማስያዝ፣ ማዋስም ጭምር አይቻልም፡፡ መጠጥና ትምባሆ ይህን ነፃ መብት አያገኙም፡፡

«ማዋስ» የሚለው ቃል ለእኛ ሰው ይከብዳል፡፡ መኪናውን ለወንድሙ፣ ትልቁን ድስት ለድግስ ለጎረቤት የማያውስ ሐበሻ የት ይገኛል? በድስቱ የሚጣላ ሹም አይኖርም፤ በመኪናው ግን ቀረጡ ተመልሶ ሊጠየቅ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፡፡

የስድስት ወሩን ነገር ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው ምን ማለት እንደሆነ እንየው፡፡ የእኛ ቤተሰብ ወደ ውጭ ሲሄድ «ለመንገድ» ተብሎ አዲስ ዕቃ ይገዛል፡፡ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አዲስ መሶብ፣ አዲስ የአልጋ ልብስ፣ አዲስ የቡና ስኒ ከነረከቦቱ፡፡ አሮጌው ለእህት ወይም ለሠራተኛ ይተዋል፡፡ ደግነት ነው፤ በሕጉ ዓይን ግን የተገላቢጦሽ ነው፡፡ ጠርዙ የተላጠው አሮጌ ምጣድ ነፃ ይገባል፣ ካርቶኑ ያልተከፈተው አዲሱ ቀረጥ ይከፈልበታል፡፡ አዲስ ዕቃ መግዛት የግድ ከሆነ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ገዝቶ መጠቀም፣ ደረሰኙንም ማስቀመጥ ነው፡፡

ደረሰኝ ካልሁ ዘንድ ለእኛ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ጣጣ አለ፡፡ ደረሰኛችን ላይ ያለው ቀን የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፡፡ በ2015 ዓ.ም. የተገዛ ፍሪጅ ደረሰኝ የፈረንጅ ሹም ፊት ሲቀርብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይታያል፡፡ «ይሄማ ይጠቅመናል፣ አሮጌ ያስመስልልናል» የሚል አይጠፋ ይሆናል፡፡ ነገር ግን ፍሪጁ እ.ኤ.አ. በ2015 ገና ያልተመረተ ሞዴል ከሆነ ደረሰኙ ሐሰተኛ ነው ወደሚል ጥርጣሬ ይሄዳል፡፡ ከዚህ የባሰው ጳጉሜ ነው፡፡ ጳጉሜ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በቁጥር 03/13/2015 ተብሎ ሲጻፍ ወርን ከቀን ለሚያስቀድመው አሜሪካዊ ማርች 13 ሆኖ ይነበባል፡፡ ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ነው፡፡ ስለዚህ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውልና የሥራ ደብዳቤ ሲተረጎም ተርጓሚው ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን እንዲያሰፍርና በሁለት የዘመን አቆጣጠር መሆኑን እንዲገልጽ አጥብቆ መንገር ይገባል፡፡ ብዙ ተርጓሚዎች ቃሉን ተርጉመው ቁጥሩን እንዳለ ያስቀምጡታል፡፡

የስም ነገርም የዚህ ዘመድ ነው፡፡ አንድ ሰው አዲስ አበባ ባለው ውል ላይ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፡፡ ፓስፖርቱ ላይ ከእነዚህ አንዱ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል፡፡ ባዕድ አገር ሲደርስ አንዳንዱ አያቱን ይጥላል፣ አንዳንዷ የባሏን ስም ትይዛለች፡፡ ከዚያም ሌላ «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ሲጻፍ አይቻለሁ፡፡ የመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ የተጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል ካልተስማማ ዕቃው «የእርስዎ መሆኑን ያስረዱ» ይባላል፡፡ ይህን ለማስተካከል የሚባክነው ጊዜ ደግሞ የወደብ ኪራይ የሚቆጥርበት ጊዜ ነው፡፡

ስለ ሰሜን አሜሪካ አሳጥሬ ልለፍ፡፡ አሜሪካ የቤት ዕቃ ነፃ እንዲገባ ውጭ አገር ቢያንስ አንድ ዓመት የተገለገሉበት መሆኑን ትጠይቃለች፤ ለዚሁ የሚሞላው ቅጽ ቁጥር 3299 ይባላል፡፡ ካናዳ ደግሞ አዲስ ነዋሪ መጀመሪያ በገባበት ዕለት፣ ሁለት ሻንጣ ብቻ ይዞ ቢሆንም፣ ወደፊት የሚከተለውን ዕቃ ጭምር በዝርዝር እንዲያስመዘግብ ትፈልጋለች፡፡ በዚያ ቀን «ሌላ ዕቃ የለኝም» ያለ ሰው ከወራት በኋላ ኮንቴይነር ቢመጣለት የሚያስረዳው ይበዛበታል፡፡ እንቅልፍ ያናወዘው መንገደኛ በኤርፖርቱ መስኮት ቆሞ የሚሰጠው አንድ ቃል የአንድ ቤት ዕቃ ዕጣ ይወስናል ማለት ነው፡፡

ከአገር በሚወጣበት በኩልም በር አለ፡፡ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፡፡ ከአያት የወረስነው የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ የብር መስቀል፣ የእንጨት ሥዕል የቤት ዕቃችን ስለሆነ ብቻ ከዚህ ሕግ አያመልጥም፡፡ ከገበያ የተገዛ አዲስ የእጅ ሥራ እንኳ አሮጌ መስሎ ከታየ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላልና አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣኑ አሳይቶ ማረጋገጫ መያዝ ይሻላል፡፡ ቅርሳችን ምን ያህል ተዘርፎ እንደወጣ ስለምናውቅ በዚህ ቁጥጥር የሚያማርር ሰው ብዙም አያሳዝነኝም፡፡

አሁን ወደ መኪና እንምጣ፡፡ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበትም ይኸው ነው፡፡

መኪና ከቤት ዕቃ የሚለየው በሁለት በር ስለሚያልፍ ነው፡፡ አንደኛው ጉምሩክ፣ ሁለተኛው የመንገድና የትራንስፖርት ሕግ ነው፡፡ ሶፋን ማንም «ደኅንነትህ ይመርመር» አይለውም፡፡ መኪና ግን ከቀረጥ ነፃ ከገባም በኋላ ታርጋ ካላገኘ የቆመ ብረት ነው፡፡ ከአሜሪካ ወደ ጀርመን የተዛወረ ሰው መኪናውን ስድስት ወር ነድቶት ከሆነ ቀረጥ ላይከፍል ይችላል፤ አለበለዚያ አሥር በመቶ ቀረጥና በላዩ 19 በመቶ የጀርመን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል፡፡ ነፃ ከገባ በኋላም የአሜሪካ መኪና የኋላ ፍሬቻ ብዙ ጊዜ ቀይ ስለሆነና አውሮፓ ብርቱካናማ ስለሚፈልግ መብራቱን አስቀይሮ፣ አስመርምሮ ነው ታርጋ የሚያገኘው፡፡ ወደ አሜሪካ ለሚገባ መኪና ደግሞ በሩ ከዚህም ይጠብባል፤ የአገሪቱን የደኅንነትና የጭስ ደረጃ አሟልቶ ያልተሠራ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው በመደበኛው መንገድ ነዋሪ ሊያስገባው አይችልም ማለት ይቀላል፡፡

ሌላው ወጥመድ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፡፡ ብዙ አገሮች በሌላ አገር ታርጋ የሚነዳ እንግዳን ለተወሰኑ ወራት ያለ ቀረጥ ያስገባሉ፡፡ በአውሮፓ ኅብረት ለግል መኪና ስድስት ወር ነው፡፡ ይህ ፈቃድ ግን የእንግዳ ነው፤ ነዋሪ ሲሆኑ ያበቃል፡፡ እንግሊዝ ከኅብረቱ የጉምሩክ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2021 መባቻ ጀምሮ ስለወጣች ከለንደን ወደ ፍራንክፈርት የተዛወረ ወገናችን የእንግሊዝ ታርጋውን እንደያዘ «ገና ስድስት ወር አልሞላኝም» ብሎ ቢነዳ መከራከሪያ የለውም፡፡ ፍራንክፈርት ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ነዋሪነቱን ካስመዘገበ በኋላ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል፡፡ የእሱ ጉዳይ የመኖሪያ ማዛወር ነውና በዚያው መንገድ አስቀድሞ ማመልከት ነበረበት፡፡

ወደ አገር ቤት መኪና ይዞ የሚመለሰውን ሰው ጉዳይ ለብቻው ላንሳ፡፡ ከአሜሪካ ከተነሳን መጀመሪያ የሚያጋጥመው የአሜሪካው የራሱ የመውጫ ቁጥጥር ነው፡፡ በመርከብ የሚወጣ ያገለገለ መኪና ከነባለቤትነት ማስረጃው፣ የእኛ ሰዎች እዚያ «ታይትል» ከሚሉት ጋር፣ ከመጫኑ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ ለጉምሩኩ መቅረብ አለበት፡፡ መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት ደግሞ ባንኩ ከአገር እንዲወጣ መስማማቱን በጽሑፍ መስጠት ይኖርበታል፡፡ መያዣው ውቅያኖስ ሲሻገር ዝም ብሎ የሚያይ ባንክ ስለማይኖር ይህ ማለት በአብዛኛው ዕዳውን ከፍሎ መጨረስ ማለት ነው፡፡

ቀጥሎ የእኛ በር ነው፡፡ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጎ፣ ከሰባት ዓመት በላይ በሆነው ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፡፡ ሰው የማያስተውለው ግብሮቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረቡ መሆናቸውን ነው፡፡ ለስሌት ያህል መኪናው ከመርከብ ጭነትና ኢንሹራንስ ጋር 10,000 ዶላር ይገመት፡፡ ቀረጡን 30፣ ኤክሳይሱን 60 በመቶ አድርገን እንያዝ፡፡ ቀረጡ 3,000 ነው፡፡ ኤክሳይሱ የሚሰላው ከ13,000 ላይ ስለሆነ 7,800 ይሆናል፡፡ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በ20,800 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 3,120 ነው፡፡ ሱር ታክሱ በዚህ ሁሉ ድምር ላይ አሥር በመቶ ሲሆን 2,392 ይመጣል፡፡ አሥር ሺሕ የነበረው መኪና 26,312 ሆነ፡፡ ያው መኪና አርጅቶ ኤክሳይሱ 400 በመቶ ቢሆን በዚሁ ስሌት ከ82,000 ዶላር ያልፋል፡፡ «አሮጌ ስለሆነ ቀረጡ ይቀላል» ብሎ አሥር ዓመት ያገለገለ መኪና የጫነ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መገመት ይቻላል፡፡

ይህ ሂሳብ እንኳ በኋላ በሌላ ውሳኔ ተሸፈነ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ፡፡ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር የውሳኔው ምክንያት አይጠፋኝም፤ በመሠረቱም አልቃወመውም፡፡ የምለው ስለ አመጣጡ ነው፡፡

የማውቃቸው ባልና ሚስት ሃያ ዓመት ከኖሩበት ከሜሪላንድ ጠቅልለው ለመመለስ ሲወስኑ ሁለት ዓመት ያገለገለ የቤንዚን መኪና ገዙ፡፡ የባንኩን ዕዳ ከፍለው፣ ሰነዱን ጨርሰው፣ መኪናውን ከቤት ዕቃቸው ጋር በአንድ ባለ አርባ ጫማ ኮንቴይነር አስጫኑ፡፡ ዜናው የተነገረው ኮንቴይነሩ ባህር ላይ እያለ ነበር፡፡ ጅቡቲ ሲደርስ መኪናው ይገባል አይገባም የሚለውን በእርግጠኝነት የሚነግራቸው ሰው ጠፋ፡፡ አንዱ መሥሪያ ቤት «ደብዳቤ እየጠበቅን ነው» ይላል፣ ሌላው ወደ አንደኛው ይመልሳቸዋል፡፡ መኪናው በቆመ ቁጥር በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ፍራሽ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ የሚስትየዋ የልብስ ስፌት መኪና አብሮ ቆመ፡፡ ልጆቹ አዲስ አበባ ትምህርት ጀምረው ከዘመድ በተዋሱት ምንጣፍ ላይ ይተኙ ነበር፡፡ በመጨረሻ መኪናውን ትተው ዕቃውን ብቻ ለማስለቀቅ ሰነዱን እንደ አዲስ ማሠራት ግድ ሆነባቸው፤ የኮንቴይነሩ የመዘግያ ክፍያም ከዕቃው ዋጋ በላይ ሄደ፡፡

ሕጉ ምን ይላል? ቀረጥና ታክስ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ወይም በተጫነበት ቀን ባለው ሕግ ሳይሆን የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ በቀረበበት ቀን ባለው ነው፡፡ ይህ በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው፡፡ ነገር ግን ከአሜሪካ የተጫነ ዕቃ ሁለት ሦስት ወር መንገድ ላይ ይቆያል፡፡ በዚህ መሐል ክልከላ ሲወጣ ከክልከላው በፊት ለተጫነ ዕቃ የሚሆን የመሸጋገሪያ ድንጋጌ አብሮ መውጣት አለበት የሚል እምነት አለኝ፡፡ የመጫኛ ሰነዱ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ማን ከዜናው በፊት፣ ማን ከዜናው በኋላ እንደጫነ ለመለየት ምርመራ አያስፈልግም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት መመሪያ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲታተም የሚያስገድደው ዜጋው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው፡፡ የባለሥልጣን መግለጫ ደግሞ ዜና እንጂ መመሪያ አይደለም፡፡ ሰው ሃያ ዓመት የለፋበትን ንብረት ጭኖ ወደ አገሩ ሲመጣ ከዜና የተሻለ ነገር ይገባዋል፡፡ ይህን ስል ተመላሹ ልዩ ሰው ነውና ልዩ ይደረግለት ማለቴ አይደለም፤ ኮንቴይነር ያስጫነ አስመጪም ይኸው ይገባዋል፡፡

መፍትሔው እስኪመጣ ሰው ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ አለ፡፡ መኪናንና የቤት ዕቃን በአንድ ኮንቴይነር፣ በአንድ የመጫኛ ሰነድ አለማደባለቅ ነው፡፡ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ወደ 33 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል፡፡ መኪናው ለብቻው ቢሄድ ዋጋው ይጨምራል፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ግን ይለቀቃል፡፡ «ኤሌክትሪክ መኪና እገዛለሁ» ለሚለው ደግሞ የአሜሪካው ኃይል መሙያ ሶኬት አዲስ አበባ ካሉት፣ አብዛኞቹ ለቻይና መኪኖች ከተሠሩት ጋር እንደማይገጥም ላስታውስ፡፡ የቤት ዕቃውም ያው ነው፤ በ110 ቮልት የሚሠራ የአሜሪካ ማጠቢያ ማሽን በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ነፃ መግባቱ አያድነውም፡፡

የቤት ዕቃን በሚመለከት የእኛ የጉምሩክ ሕግ የግል መገልገያን ከንግድ ዕቃ ይለያል፤ የዕቃው ዓይነትና ብዛት ግን በመመሪያ ነው የሚወሰነው፡፡ ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ዝርዝሩን ለኤምባሲው ወይም ለጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ አቅርቦ በጽሑፍ መልስ መያዝ ያስፈልጋል፡፡ «በስልክ ጠይቄ ይቻላል ብለውኛል» የሚል መልስ ወደብ ላይ ዋጋ የለውም፡፡ ከሁሉ የሚያጠራጥረው የልብስ ካርቶን ነው፡፡ ለዘመድ አዝማድ የሚሰጥ ተብሎ በአሥር ካርቶን የታጨቀ ያገለገለ ልብስ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ያስመስላል፡፡ የቤተሰቡ አባላት ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ማስረጃ ከዝርዝሩ ጋር ቢያያዝ ብዙ ንትርክ ይቀንሳል፡፡

ዕቃውን አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም እህት የሚረከብ ከሆነ ውክልናው ላይ ጥንቃቄ ይደረግ፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላለፈ ነገር አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል፡፡ «በስሜ ማናቸውንም ነገር እንዲያደርግ» የሚል ሐረግ አይበቃም፡፡ ዲክላራሲዮን መፈረም፣ ቀረጥ መክፈል፣ ቅሬታ ማቅረብ፣ አስፈላጊ ከሆነም ዕቃውን መልሶ ወደ ውጭ መላክ እያንዳንዱ በስሙ ተጠቅሶ ይጻፍ፡፡ ውክልናው ውጭ አገር ከተሰጠ በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ ስላለበት መርከቡ ሲነሳ ሳይሆን ገና ዕቃው ሲታሸግ ይላክ፡፡

ዝርዝሩን ራስዎ ይጻፉት፤ ለአጓጓዡ አይተዉት፡፡ አጓጓዡ «ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ፣ 40 ካርቶን» ብሎ ያልፈዋል፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሁሉንም ካርቶን እንዲከፈት ያደርጋል፡፡ ካርቶኖቹን ቁጥር ይስጡ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ምን እንዳለ፣ መቼ እንደተገዛና አሁን ስንት እንደሚያወጣ ይጻፉ፡፡ አሁን የሚያወጣው እንጂ የተገዛበት ዋጋ አይደለም፤ አሥር ዓመት የተኛንበት ፍራሽ የአዲስ ዋጋ አያወጣም፡፡ አንዱን ቅጂ ኮንቴይነሩ በር አጠገብ፣ ሁለተኛውን ለሚረከብልዎ ሰው፣ ሦስተኛውን ከፓስፖርትዎ ጋር በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፡፡ ደረሰኞቹንም ኮንቴይነሩ ውስጥ አያሽጓቸው፤ ኮንቴይነሩን ለማስከፈት የሚጠየቁት እነሱኑ ነው፡፡